በጥንት ዘመን የገባነው ቅርጫ

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወንድሜ ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ሆኖ፣ አንገቱን እንኳ ቀና ሳያደርግ፣ “ተወስኗል፤ ከሽሮ ሜዳ ልጆች ጋር ስንጋጠም አንቺና አዲሷ ጥንድ ናችሁ” አለኝ። ጮህኩ። እንዴት አድርጌ እንደጮህኩ ለማስረዳት፣ መታወቂያዋን ኮፒ ልታስደርግ የቆመች ሴትዮ “በስመ አብ!” ብላ አማተበች ማለት ይበቃል። ወንድሜ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቃት። እኔ አልጠየቅኳትም፤ ጊዜ አልነበረኝም። ቁልቁለቱን በሩጫ ወርጄ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ስለ ጌም የምታውቀው ነገር ቢኖር መብራት እንደሚበላ ብቻ ነው። ቢሆንም ፊቴን አይታ፣ “እልል ልበል እንዴ?” አለችኝ።

“በይ” አልኳት።

አለች።

ነገሩ ለምን ይህን ያህል እንዳስደሰተኝ እንዲገባችሁ ግን ስለ “አዲሷ” ልንገራችሁ። አዲሷ የምንላት ልጅ የገና በዓል ካለፈ በኋላ ወደ ሰፈራችን የገባች ናት። ከዚያ ጀምሮ እስከ ፋሲካ ድረስ እኔ በእሷ ቅናት ስቃጠል ነው የከረምኩት። ማጋነኔ አይደለም። ሹሩባ ስትሠራ ቀናሁ። ዝናብ ላይ ጃንጥላ ረስታ ስትመጣ፣ ሰው ሁሉ “ውይ የኔ እናት፣ በሰበሽ!” ሲላት ቀናሁ። እኔም ያኔ በስብሼ ነበር እኮ፤ ማንም “በሰበሽ” አላለኝም። አንድ ቀን ስታስነጥስ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ “ይማርሽ” አላት፤ በዚያም ቀናሁ።

የአማርኛ መምህራችን በቀደም ለታ፣ “ጽሑፍ ካቃታችሁ የሚያናድዳችሁን ነገር ጻፉ፤ ያን ጊዜ ቃላት አይጠፋችሁም” ብለውን ነበር። እውነታቸውን ነው። እነሆ፣ አልጠፋኝም።

የቅናቴ መነሻ የወንድሜ ሱቅ ነው። ወንድሜ ቀጨኔ፣ ዳገቱ መሀል ላይ፣ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል። ከተበላሹ ኮምፒውተሮች ደህና ደህናውን አካል እያወጣ አራት ኮምፒውተር ገጣጥሟል። አንዱ ሲሞቅ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ የአንዱ ስክሪን ደግሞ ጥግ ጥጉ ወይን ጠጅ ነው። እሑድ ከሰዓት ለደንበኛ አይከፍትም፤ የእኛ ነው። አራት ሰው ሆነን አንድ የጥንት ሥልጣኔ ጌም በኬብል ተገናኝተን እንጫወታለን።

ጌሙን ለማታውቁት፦ ስትጀምሩ ምንም የላችሁም። ጥቂት ሰፋሪ ሕዝብና አንድ ቃኚ ይሰጣችኋል። ካርታው በሙሉ በጥቁር ደመና የተሸፈነ ነው፤ ቃኚው በሄደበት ብቻ ይገለጣል። ወንዝ ይሁን ተራራ፣ ሰው ይኑርበት አውሬ፣ አታውቁም። ከተማችሁን የት እንደምትቆረቁሩ ትመርጣላችሁ፣ ታርሳላችሁ፣ ከብት ካገኛችሁ ታርዳላችሁ፣ ሕዝባችሁ ሲበዛ ሌላ ሰፋሪ ትልካላችሁ። ሁሉም ሰው ድርሻውን ሠርቶ “ጨርሻለሁ” የሚለውን ሲጫን ተራው ያልፋል፣ ዘመን ይገፋል።

መጨረሻው ላይ ሰው ጨረቃ ላይ ይወጣል ይባላል። እኛ አላየንም። እኛ ከነሐስ ዘመን አልፈን አናውቅም። ወይ መብራት ይጠፋል፣ ወይ እናቴ በስልክ ትጣራለች፣ ወይ አንዱ ደንበኛ “ሰኞ ጠዋት ለፈተና ነው፣ በእግዜር!” እያለ የቆርቆሮውን በር ይደበድባል። ስለዚህ ሕጋችን ቀላል ነው፤ በቆምንበት ሰዓት ሕዝቡ የበዛለት አሸነፈ። ብዙ ከመጫወታችን የተነሳ መጀመሪያ መጀመሪያውን ከእኛ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። መሀሉን ጠይቁን፣ ዝም ነው።

ከአራታችን አንደኛዋ የልብ ጓደኛዬ ናት። ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ አባቷ መታጠፊያው ላይ ሸቀጥ ይነግዳል። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አብረን ነን። በጌሙ ከሁላችንም ትበልጣለች፤ ወንድሜን እንኳ እያፌዘች ነው የምታሸንፈው። እኔ ግን እሷን ማሸነፍ ፈልጌ አላውቅም። እኔ የምፈልገው ጎረቤቷ መሆን ነበር። ገና ደመናው ሳይገለጥ ፈልጌ አገኛትና አጠገቧ እሰፍራለሁ፤ እሷም “እንኳን ደህና መጣሽ፣ ጎረቤቴ” ትለኛለች። ጦር አንማዘዝም። አውሬ ሲመጣ አብረን እናባርራለን። በቃ፣ ለእኔ ጌሙ ይኼ ነበር።

አራተኛው የወንድሜ ጓደኛ ነበር። ሥራ አገኘና ቀረ። አዲሷ በዚያው ሰሞን የቤት ሥራ ልታሳትም መጣች። ፕሪንተሩ እስኪሞቅ ከጓደኛዬ ጀርባ ቆማ ስታይ ቆየችና፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ “እዚያች ወንዝ ዳር ባትሰፍሪ። ጎርፍ ያለባት ናት” አለች።

“ደግሞ አንቺ በምን አወቅሽ?” አልኳት እኔ።

“ሣሩን እዩት። የዚህኛው ዳር ቀለሙ ይለያል። ውሃ የተኛበት ነው የሚመስለው።”

ጓደኛዬ ሰፋሪዎቿን ወደ ላይ አወጣቻቸው። ትንሽ እንደሄድን ጎርፍ መጣ፤ ያቺን ዳር ጠራርጎ ወሰዳት። ጓደኛዬ ወንበሯን ሙሉ በሙሉ አዙራ ልጅቷን አየቻት። እኔ ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። የእኔ ነበር።

“ነይ ቁጭ በይ” አለቻት።

ተቀመጠች። ከዚያች እሑድ በኋላ “ጎረቤቴ” የሚባለው ሌላ ሰው ሆነ።

በጉልበት ብትቀማኝ ኖሮ እጣላት ነበር። እሷ ግን ክፉ አይደለችም፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ሰላም ስትል ሦስቴ ትስማለች፣ ማስቲካ ስትገዛ ለሁላችንም ነው። ቤተሰቦቿ አጥባቂዎች ናቸው፤ አባቷ የደብር አገልጋይ ናቸው። እኔ ደግሞ በሰው ፊት ፈገግ እላለሁ፤ ቤቴ ገብቼ ትራሴን እነክሳለሁ።

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመዋል። አንድ እሑድ፣ ሁለቱም ጾሞች በሚጾሙበት ሰሞን፣ እንደ ልማዳችን ተቀምጠናል። ጓደኛዬ ጾም ላይ ናት፤ ከንፈሯ ደርቋል። ወንድሜ ለእሷ ብሎ ውሃውን ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ እያለ ነው የሚጠጣው። አዲሷ ከተማዋን በቆረቆረች በትንሽ ጊዜ ውስጥ፣ አፍንጫዋ ሥር ማለት ነው፣ አንድ መንጋ ከብት ተገለጠላት። ይህ በጌሙ ትልቅ ዕድል ነው። “ይታረድ?” ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ ካላችሁ ሥጋው ጎተራ ይገባል፣ ሕዝብ ይፈላል።

አዲሷ “አይታረድ” የሚለውን ተጫነች።

ወንድሜ ከወዲያኛው ጥግ ብድግ አለ። “እንዴ! ምን ሆንሽ? የሰማይ ሥጋ እኮ ነው!”

“ሁዳዴ ነው እኮ” አለች ቀስ ብላ።

“ምኑ?”

“ጾም ነዋ። ሕዝቤ ይጾማል።”

“ሕዝብሽ ገና ፊደል አልቆጠረም! ክርስቶስ ሊወለድ ስንት ሺህ ዘመን ይቀረዋል! የምን ሁዳዴ ነው?”

“አውቃለሁ” አለች፤ ጆሮዋ ቀላ። “ግን በቃ እጄ አልሄደልኝም።”

ጓደኛዬ በሳቅ ወደቀች። “ወላሂ ተዪኝ! አታስቂኝ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል!” እያለች ጠረጴዛውን ትመታለች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ “እንግዲያው የእኔም ሕዝብ እስከ መግሪብ አይቀምስም!” ብላ ሚዳቋ ሊያድኑ የወጡ ሰዎቿን መለሰቻቸው። ሁለቱ እየተያዩ ይስቃሉ። ወንድሜ፣ “ከእናንተ ጋር የምጫወት እኔ ነኝ እብዱ” ይላል።

እኔ አልሳቅኩም። ያንን ሳቅ ለዓመታት የማስቃት እኔ ነበርኩ። ጉሮሮዋ ደርቆ እያለ እንኳ የምታስቅ ሰው መጣችባት። ይህን ያህል የሚያስቅ ነገር እኔ እንዴት አላሰብኩም? እኔስ ጾመኛ አይደለሁም? ጠዋት ሽሮ በልቼ አይደል የመጣሁት?

በንዴት ሰፋሪዬን ነዳሁና ሁለተኛ ከተማዬን ከመንጋው ጥግ ቆረቆርኩ። “ይታረድ?” ሲለኝ እሺ አልኩ።

“ውይ! ሰው ፊት!” አለችኝ ጓደኛዬ። “ቢያንስ ተከልለሽ ብያ!”

“በሁዳዴ!” አለ ወንድሜም፤ አሁን ደግሞ ከእነሱ ጋር አበረ።

“ኮምፒውተር ነው እኮ!” አልኩ።

መብራት ሲሄድ የበዛው የእኔ ሕዝብ ነበር። አሸንፌአለሁ። ማንም “ጎበዝ” አላለኝም። ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ዳገቱን ይወርዳሉ፣ እኔ ከኋላ ከኋላ። “ሕዝቤ ይጾማል” ትላለች አንዷ፤ ሌላዋ በሳቅ ትቆማለች። አሸንፌ የቀናሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ደግሞ የሳምቡሳው ነገር መጣ። የጓደኛዬ እናት በየዓመቱ ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ ሲሠሩ፣ ጾሙ ከሁዳዴ ጋር የገጠመ እንደሆነ ለእኔ ለብቻዬ የምስር ይሠሩልኛል። “ይቺ የልጄ ናት፣ እንዳትነካኩ!” ብለው በትንሽ ሳህን ከድነው ያስቀምጡልኛል። እኔ ያቺን ሳህን እንደ ሹመት ነው የማያት። ዘንድሮ ስገባ አዲሷ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። እትዬም ሳህኗን በመሀላችን አኖሩና፣ “እናንተ ጾመኞች፣ ተካፈሉ” አሉን። አዲሷ ትልቁን ለእኔ ገፋ አደረገችልኝ። አያችሁ? እንኳን ልትቀማኝ፣ ትልቁን ሰጠችኝ። አኝኬ ለመዋጥ ሰዓት ፈጀብኝ።

ፋሲካ መጣ፣ ሥጋ ተበላ፣ ዒዱማ አስቀድሞ አልፏል። ዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ሁላችንም ጠግበንና ከብደን ሱቁ ተሰበሰብን። ያን ለታ ወንድሜ ገና ሲከፍት፣ “የሽሮ ሜዳ ልጆች ጥንድ ለጥንድ እንጋጠም ብለዋል። ዛሬ አይቼ ነው የማጣምራችሁ” አለ። የጓደኛዬ ጥንድ ማን ነው? ሱቁ ውስጥ ያለነው ሁላችንም ማን እንደሆነች የምናውቅ መሰለኝ፤ እኔ አልነበርኩም።

ደግሞ ካርታው ጨከነብኝ። ቃኚዬን በሰሜን ብልክ ባሕር፣ በምሥራቅ ብልክ በረዶ። ጓደኛዬና ወንድሜ ከተራራው ማዶ ናቸው። በዚህ በኩል ደመናው ሲገፈፍ ማን ትውጣ? አዲሷ። በመሀላችን ደግሞ፣ ልክ በመሀላችን፣ አንድ ወፍራም መንጋ። አሁን ሁዳዴ የለም። ጦረኛ መሥራት ጀመርኩ። ቀድሜ ካልያዝኩት ትይዘዋለች፤ ከያዘችው ጥንድነቱም የእሷ ነው።

አጠገቤ ነበረች። ዘንበል አለችና በሹክሹክታ፣ “ስሚ፣ ቅርጫ እንግባ?” አለችኝ።

“ምን?”

“ቅርጫ። በሬ ቅርጫ አትገቡም እንዴ?”

“ጌም ላይ?”

“ባለፈው ለብቻሽ ስታርጂ ግማሹ እንደበሰበሰብሽ አላየሽም?”

አላየሁም ነበር። የጎተራውን ምስል በጣቷ አሳየችኝ፤ ጥግ ላይ ጤፍ የምታህል ቡናማ ነጥብ አለች። ጎተራው ሲሞላ ትርፉ ተበላሽቶ ይጣላል፤ ነጥቧ ምልክቱ ናት። ስንት እሑድ ተጫውተናል፣ አንዳችንም አላየናትም። “አንድ ቤት በሬ ሙሉ ይጨርሳል እንዴ?” አለች አዲሷ። “አንቺ እረጂና ግማሹን ላኪልኝ። ቀጥሎ እኔ ሳገኝ አርጄ እልክልሻለሁ።”

እውነት ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ምስጋና አይደለም። በገንሁ። አባቴ እኮ የሰፈራችን የቅርጫ መሪ ነው! በቀደም ለፋሲካ በሬው የተጣለው እኛ ጓሮ ነው። ሥጋው ኮባ ላይ በመደብ በመደብ ሲደለደል፣ ሻኛው እኩል ይድረስ አይድረስ ተብሎ ሲጨቃጨቁ፣ ዕጣ ሲጣል፣ ዘንቢል ይዤ ከቤት ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ። ለምን ሰው ለብቻው በሬ እንደማያርድ እኔ ሳላውቀው ማን ይወቀው? ይህ ሐሳብ የእኔ መሆን ነበረበት። የአባቴ ሐሳብ ነው፣ በቤታችን ጓሮ ያደገ ሐሳብ ነው፤ እሷ ከየት አምጥታ ተናገረችው?

ጌሙ ለጎረቤት ምግብ መላክ ይፈቅዳል፤ እኛ ግን ነክተነው አናውቅም። ተፎካካሪህን ማን ያወፍራል? አረድኩ። ሥጋው በሙሉ እኔ ጎተራ ገባ። ልላክ ወይስ ልተው? እሷ ማሳሰቢያ እንኳ አልጨመረችም፤ የራሷን ስክሪን እያየች ተራዋን ትሠራለች። እንዲህ አምና የምትቀመጥ ሰው ደግሞ ያበሳጫል። ትንሽ ቢጠራጠሩ ምን አለበት?

ላክሁ።

ከተማዋ ወዲያው አደገ፤ የእኔም አደገ። ቡናማዋ ነጥብ አልመጣችም። እሷ ቀጥላ ከጫካው ሥር ሌላ መንጋ አገኘችና አረደች። ያቺን አንዲት ተራ እንዴት እንደጠበቅኋት አልነግራችሁም። “ከጎረቤት ሥጋ ደርሶዎታል” የሚለው ሲመጣ፣ ቆጥሬ አየሁት፤ እኩል ነው። እንደገና ሁለታችንም አደግን፣ በአንድ ተራም ሰፋሪ ላክን።

“እነዚህ ምንድን ነው የሚሠሩት?” አለ ወንድሜ። “ተራ በተራ ነው እንዴ የሚያብጡት?”

“ቅርጫ ገብተን ነው” አለች አዲሷ።

ጓደኛዬ ከተራራው ማዶ፣ ማለቴ ከጠረጴዛው ማዶ፣ አንገቷን አስግጋ መጣች። ነገሩ ወዲያው ገባት፤ ፈጣን ናት አልኳችሁ። “አሪፍ ነው! እኔንም አስገቡኝ፣ መንገድ ከፍቻለሁ” አለች።

“ነያ ግቢ” አልናት።

ልትጫን ስትል ቆመች። “ቆይ፣ ቆይ። ማን ነው ያረደው?”

ተያየን። “እ... እኔ” አልኩ። “ቀጥሎ እሷ።”

ጓደኛዬ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። “አይ፣ እንግዲያው ይቅርብኝ። የክርስቲያን ሥጋ ነው።”

ወንድሜ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። “ሥዕል ነው! ሥዕል! መብራት ነው!”

“አውቃለሁ፤ ግን እጄ አልሄደልኝም።”

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፣ ከልቤ። ስስቅ ግን ጓደኛዬን አየኋት። ሳቋን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ትንፋሽ ሰብስባ አንዴ ትደግመዋለች። ያን ዕለት አልደገመችውም። ወደ ስክሪኗ ተመልሳ ብቻዋን ሚዳቋዋን ማደን ቀጠለች። እኔና አዲሷ በዚህ በኩል እንላላካለን፣ እንስቃለን፣ “ሻኛው የታለ?” እየተባባልን። መብራቱ ሲሄድ እኔና አዲሷ ከሁሉም በልጠን፣ እርስ በርሳችን ደግሞ ለጥቂት ብቻ ተበላልጠን ነበር። የበለጠችው እሷ ናት። ልብ በሉ፣ አሁንም እሷ ናት።

ወደ ቤት ስንወርድ ጓደኛዬ መታጠፊያው ላይ፣ ከአባቷ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ያዝ አደረገችኝ።

“እኔን ትታችሁ ቅርጫ ገባችሁ አይደል?”

“አንቺ አይደለሽ እንዴ እምቢ ያልሽው?”

“አውቃለሁ” አለች። ጫማዋን አየች። “ቢሆንም።”

ጓደኛዬ ቀንታለች! በእኔ! በአዲሷ ይሁን በእኔ እንጃ፣ ሁለታችንም በአንድ ቦታ ስለነበርን መለየት አይቻልም፤ ግን ቀንታለች። ዓይኗ ላይ ያለውን አውቀዋለሁ፤ ወራት ሙሉ በመስታወት ሳየው የከረምኩት ነው። ላጽናናት ይገባ ነበር። ማጽናናቱም ይደርሳል፣ መጀመሪያ ግን ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ፣ ደስ ይበለኝ አልኩ። “ነገ እንገናኝ” አልኳትና ቤቴ ገባሁ። ያን ቀን ትራሴን አልነከስኩትም፤ አቀፍኩት።

እንግዲህ ሐሙስ ወንድሜ ያን የነገረኝ ከዚህ በኋላ ነው። ለሽሮ ሜዳው ግጥሚያ ራሱን ከጓደኛዬ ጋር አደረገ፤ እኔን ከአዲሷ ጋር። ማታ ስንገናኝ “ለምን?” ብዬ ጠየቅኩት፣ ሲናገረው መስማት ፈልጌ።

“እናንተ ስትካፈሉ ነው የምታድጉት። እኔና እሷ መካፈል አንችልም፣ ሁለታችንም መንግሥት ነን” አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “አንቺ ደግሞ አዲሷን እንዳታስቀይሚያት። የምትጠዪውን ሰው ስታዪ ያስታውቅብሻል” አለኝ።

“አልጠላትም!”

“እሺ። የምትቀኚበትን ሰው።”

ወንድም መሆን እንዲህ ነው፤ ሙዚቃ እየሰማ ይመስላችኋል፣ ሁሉን አይቷል።

ቅዳሜ ጠዋት ጓደኛዬ ገና ፊቴን ሳልታጠብ በራችንን አንኳኳች። ሌሊቱን ሙሉ አስባበት ነው መሰለኝ፣ ሰላም እንኳ አላለችኝም። “ስንዴ!” አለች።

“ምን ስንዴ?”

“ስንዴ ማንም ቢያጭደው ይበላል። ዓሣም እንደዚያው፣ ማርም እንደዚያው። እናንተ ሥጋችሁን ለብቻ ተካፈሉ፤ በስንዴው ግን እኔም እገባለሁ። እናንተም እህል በብዛት ይበሰብስባችኋል፣ አይቻለሁ።”

“እናስብበታለን” አልኳት። እንዴት ያለ ጣፋጭ ቃል ነው! እሷ ግን ታውቀኛለችና አፍንጫዬን ቆነጠጠችኝ። “አንቺ! አይብዛ! አስገቢኝ!”

አብረን ወደ አዲሷ ቤት ሄድን። አዲሷ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር። ጓደኛዬ ስንዴዋን ስታስረዳት ፊቷ በራ። ቀናሁ፤ ልማድ ነው፣ በአንድ ቀን አይለቅም። ከዚያም አዲሷ የመጨረሻውን ነጠላ ገመዱ ላይ ዘርግታ፣ “እንደዚያ ከሆነ ለምን እኛ ብቻ እንሆናለን? ሰው በበዛ ቁጥር የሚበሰብስ አይኖርም። ያገኛችሁትን ሰው ሁሉ ጥሩ” አለች።

ይህንንም እኔ ብለው እንዴት ደስ ባለኝ። ሆኖም አላልኩትም፣ እሷ አለችው። ስለዚህ እኔ መጥራቱን ወሰድኩ።

ኑ። እሑድ ከሰዓት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከምሳ በኋላ፣ ቀጨኔ ዳገቱ መሀል። ኮምፒውተሩ አራት ነው፤ ለአንዱ ሁለት ሁለት ሆነን እንቀመጣለን፣ አንዱ ማውሱን ይዞ አንዱ ይጨቃጨቃል። ጌም ባትችሉ ግድ የለም፤ ከእኛ መሀል መጨረሻውን ያየ የለም። የምትጾሙ ከሆነ ሕዝባችሁም ይጹም፣ ማንም አይስቅባችሁም፤ ማለቴ፣ ይስቃል፣ ግን በፍቅር ነው። ሥጋ የማትካፈሉ በስንዴ ግቡ። ከእኔ የተሻለ የምትጫወቱ ካላችሁ ግን እባካችሁ የፊታችንን እሑድ ዝለሉትና በሚቀጥለው ኑ።